የአባባ ሎሃ ቀስትና የእኔ ቅቤ

ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባጃጆች በሚሰለፉበት ጥግ፣ አንድ ወጣት ጫማ ሰፊ ይቀመጣል። ባለፈው ሳምንት የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ወሰድኩለት። ልጁ ክር አወጣ፤ ከሳጥኑም የጠቆረ የሰም ድቡልቡል አንስቶ ክሩን አንድ ጊዜ ብቻ ጎተተበትና መስፋት ሊጀምር ሲል እጁን ያዝኩት። ሦስት ጊዜ ጎትት፣ በየመሀሉም በጣቶችህ እያሸህ አሙቀው፣ አለዚያ ሰሙ ከላይ ተለጥፎ ይቀራል እንጂ ወደ ክሩ አይገባም አልኩት። ጫማ ሥራ የት ተማሩ ብሎ ጠየቀኝ። የትም አልተማርኩም፤ የማውቀውን ሁሉ ለራሴ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ አልኩት። ልጁ ሳቅ ብሎ እንዳዘዝኩት አደረገ። ሰሙ በጣቶቹ መሀል ሲሞቅ ሽታው ወደ እኔ መጣ፤ ግማሹ ማር፣ ግማሹ ጭስ። ያን ጊዜ የተናገርኩት ሙሉ በሙሉ እውነት እንዳልሆነ ትዝ አለኝ።

አማርኛ ማንበብ የተማርኩት ጨውና ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት የሞቱ ሬዲዮኖችን በመፍታት ነው። የምኖርበትን ቤት ያለ ማንም ምክር ሠርቼው፣ መሐንዲስ መጥቶ ፕላኑን ማን አወጣልህ ብሎ ጠይቆኛል። ይህን ሁሉ የሶዶ ሰው ስለሚያውቅ መደጋገም አያስፈልገኝም። ቀስት መምረጥን ግን ሰው ነው ያስተማረኝ። አባባ ሎሃ ይባሉ ነበር፤ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ያን ጊዜ ትንሹም ትልቁም «አንተ» ይላቸው ነበር። እኔ ዛሬ «እሳቸው» እላለሁ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የአያቴ መሬት ለወንድማማቾች ተከፋፍሎ ለአባቴ የደረሰው ለአንዲት ላም ማሰሪያ እንኳ ስላልበቃ፣ ከደጋ ወርደን ከሃላሌ በታች ወደ ኦሞ በሚያቆለቁለው ቆላ ሰፍረን ነበር። መንደሩ አዲስ ነው፤ ከሃያ የማይበልጡ ቤቶች፣ ዙሪያውን ጫካ። አፈሩ ግን በቆሎ ሲያበቅል ዓይን ያስደንቃል። ሐምሌ ሲጋመስ በአባቴ ትከሻ ላይ ቆሜ እንኳ የበቆሎውን ጫፍ አልነካም ነበር።

ያንን በቆሎ የሚወዱት እኛ ብቻ አልነበርንም። ቀን ጦጣና ዝንጀሮ፣ ሲነጋና ሲመሽ ከርከሮ። በፊተኛው ዓመት ከርከሮ ግማሹን ማሳ አርሶ ስለጨረሰው፣ ክረምቱን ሙሉ ስኳር ድንች እየበላን ከርመናል። እስከ ዛሬ ስኳር ድንች ሲቀርብልኝ ጥርሴ ይደክማል። ጥበቃ የነበረን ወንጭፍና ጩኸት ብቻ ነበር። ከርከሮ ደግሞ ጩኸት ይለምዳል፤ ቀና ብሎ አይቶን መብላቱን ይቀጥል ነበር።

አባባ ሎሃ የመጡት በዚያ ጊዜ ነው። ሚስታቸው ሸክላ ትሠራለች። ከወዲያኛው ወረዳ መሬት አጥተው እየዞሩ ቆይተው፣ ከመንደራችን በታች በጅረቱ ዳር የቤት ቦታ ለመኑ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ከሾላው ሥር ተቀምጠው ግማሽ ቀን ተከራከሩ። ጎረቤታችን አቶ ጎበዜ፣ ከሁሉ የሰፋ ማሳ ያለው ሰው፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ አጠገባችን አይሰፍርም አለ። ዕቃቸውን ገበያ ላይ መግዛት ሌላ፣ አጥር መጋራት ሌላ ነው አለ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር፤ ማንበብ የሚችለውም እሱ ብቻ ስለነበር የመጨረሻውን ቃል ለእሱ ይተዉለታል። እሱም እንዲህ ፈረደ፦ ሰውዬው እስከ መስቀል ይቀመጥ፤ ማሳ ለሚጠብቀው ሁሉ ቀስትና ፍላጻ ይሥራ። በቆሎው በደህና ከገባ ቦታው ለልጅ ልጁ ይሁን። ካልገባ ግን ዕቃውን አንስቶ ወደ መጣበት ይሂድ። አባባ ሎሃ ራቅ ብለው ቆመው ይህን ሰሙና እሺ ብለው ሄዱ። በማግስቱ የወናፋቸው ድምፅ ከጅረቱ በኩል መሰማት ጀመረ።

ስለ እሳቸው ብዙ ነገር በስሕተት ነበር የተረዳሁት። ወደ እኛ ቤት ሲመጡ ከደጅ ያለው ግንድ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ዝናብ ቢጥል እንኳ ወደ ቤት አይገቡም። ቤት ውስጥ መቀመጥ የማይወዱ፣ ነፋስ የለመዱ ሰው አድርጌ ነው ያየኋቸው። ውኃ የሚጠጡበት ቅል ደግሞ የራሳቸው ነው፤ ከአጥሩ ችካል ላይ ተሰቅሎ ይውላል፣ ማንም አይነካውም። እኛ ስድስት ልጆች በአንድ ጣሳ እየተጣላን ስንጠጣ፣ እሳቸው ብቻቸውን የተሰየመላቸው ቅል አላቸው። ትልቅ ሰው ስሆን እኔም ለብቻዬ ቅል እንዲሰቀልልኝ እናቴን ለመንኳት። በጥፊ መታችኝ። ለምን እንደመታችኝ አልነገረችኝም፤ እኔም ቅናት ነው ብዬ ተውኩት።

ከቤታችን ማሳ የሚጠብቅ ይመረጥ ሲባል እኔ ተመረጥኩ። ታላቅ ወንድም የለኝም፤ ቢኖረኝም የምመረጠው እኔ ነበርኩ። በወንጭፍ ከእኔ የሚሻል ልጅ በመንደሩ አልነበረም። አባቴ ወደ አባባ ሎሃ ላከኝ።

ወናፉ አጠገብ፣ በሙዝ ቅጠል ላይ አራት ቀስቶች ተደርድረው ነበር። ምረጥ አሉኝ። ትልቁን አነሳሁ። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ከቁመቴ በላይ ነው፣ በእጄ ስይዘው አዋቂ የሆንኩ መሰለኝ። ጅማቱን ሳብኩ። እስከ አፍንጫዬ እንኳ ሳይደርስ ክንዶቼ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ጉልበቴም ተከተለ።

አባባ ሎሃ አልሳቁም። ከሥራቸው ቀና ብለው፦

«ልጄ፣ አንተ ቀስቱን አልወጠርከውም፤ ቀስቱ ነው አንተን የወጠረህ» አሉ።

ሚስታቸው ከጭቃው ጋር እየታገለች ሳቀች። እኔ ግን ተናድጄ አላስቀመጥኩትም፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሞከርኩ። ልብ አድርጉ፣ ሌላ ልጅ ቢሆን አልቅሶ ይሄድ ነበር።

ከዚያ ከእጄ ወስደው ሌላውን አቆሙት፤ ወደ ቅንድቤ ደረሰ። ወጥረህ እስከ አሥር ቁጠር፣ ሳትንቀጠቀጥ አሥር ከደረስክ ያንተ ነው፣ ስምንት ላይ ከተንቀጠቀጥክ የሌላ ሰው ነው አሉ። አሥራ ሁለት ቆጠርኩ። ቀጥሎ ዓይኔን እንድጨፍንና አውራ ጣቴን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንጨቱ ላይ እንዳሄድ አዘዙኝ። ጣቴ መሀል ላይ የሆነች እብጠት አገኘ። ያቺ ጉጥ ናት፤ ዓይን ያልፋታል፣ ጣት ግን አያልፋትም፤ በቀዝቃዛ ጠዋት እዚያ ላይ ነው የሚሰበረው አሉና ያንን ቀስት ወስደው እሳት ውስጥ ከተቱት። ሦስት ቀን የደከሙበትን። እኔ ስላገኘኋት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንጨት በዓይኔ አምኜ አላውቅም።

አዲሱን እንጨት አብረን ሄደን ቆረጥን። እኔ ወይራ ይሁን አልኩ፤ የጠንካራ ሰው ዱላ ወይራ ስለሆነ የጠንካራ ሰው ቀስትም ወይራ መሆን ያለበት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ለንቋጣ የሚባለውን ዛፍ ነው የመረጡት። ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርገው ለቀቁት፤ ተስፈንጥሮ ቦታው ተመለሰ። እንደገና አጎነበሱት፤ እንደገና ተመለሰ። ወይራውንም እንዲሁ ባደርገው በግድ ጎነበሰና ጎንብሶ ቀረ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡኝም፤ አላስፈለገኝምም። ለንቋጣውን ከምድጃቸው በላይ፣ ፀሐይ ሳይሆን ጭስ በሚያገኘው ቦታ ሰቅለው አደረቁት። የሚላጨው ከሆዱ በኩል ብቻ ነው፤ ጀርባው አይነካም። በየቀኑ እየሄድኩ እጠይቅ ነበር። በዚያ ክረምት ከመንደሩ ልጆች ሁሉ ያን ያህል የጠየቀ አልነበረም።

ፍላጻውንም አብሬ ሠራሁ። ዘንጉ ከጅረቱ ዳር የተቆረጠ ሸምበቆ ነው፤ ልኩ ከደረቴ መሀል እስከ ጣቴ ጫፍ። ፍም ላይ እያሞቁ በጉልበት ላይ ማቃናት፣ ከዚያ በመዳፍ ላይ ማንከባለል፤ ከዘለለ ጠማማ ነው። ላባው ከአንድ ወገን ክንፍ ብቻ መሆን አለበት። የግራና የቀኝ ክንፍ ላባ አንድ ፍላጻ ላይ ከሆነ እርስ በርስ ስለሚገፋፋ ፍላጻው መንገዱን ይስታል። ለጦጣ ጫፉ ዱልዱም እንጨት፣ ለከርከሮ ቅጠል የመሰለ ብረት። ብረቱ ወደ ኋላ የዞሩ ጥርሶች ነበሩት። ጥርሶቹ ፍላጻውን ይዘው ወደ ባለቤቱ የሚመልሱት ነበር የሚመስለኝ፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ፍላጻ ጫካ ውስጥ ወርውሬ እስኪመለሱ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

መጨረሻ ላይ ጅማቱን ሰጡኝ። ከበሬ ጀርባ የወጣ ጅማት ተሰንጥቆ፣ ተፈትሎ፣ በሰም የታሸ። አንድ የእንቁላል አስኳል የሚያህል የሰም ድቡልቡልም ጨመሩልኝ። ዝናብ በዘነበ ቀን ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ጊዜ፣ በጣትህ እያሞቅህ እሸው አሉኝ። ሰም ብቻ አሉ። ተነስቼ ስሄድ ከኋላዬ ደግመው ሰም ብቻ አሉ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሦስት ሳምንታት ለመናገር ትሕትና አይፈቅድልኝም፤ ግን እውነት ስለሆነ እናገራለሁ። በሠላሳ እርምጃ ርቀት የእናቴን ዱባ አንገቱ ላይ መታሁ። እናቴ በዱባው ምክንያት ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ማሳው መሀል በቆመው ማማ ላይ ወጥቼ በዱልዱሙ ፍላጻ አንድ ትልቅ ጦጣ ጀርባውን ስመታው የጦጣው መንጋ በሙሉ ወንዙን ተሻገረ፤ ለአንድ ሳምንት አልተመለሰም። እሑድ ጠዋት ቀስቱን አንግቤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በር ላይ አስቀምጥ አሉኝ፤ አስቀመጥኩ፤ ግን ስብከቱ እስኪያልቅ ልጆቹ ሁሉ የሚያዩት መድረኩን ሳይሆን በሩን ነበር።

ጎበዜ ባየኝ ቁጥር ነገር አያጣም።

«ቀጥቃጩ ያስታጠቀህ ጀግና፣ ዛሬስ ስንት ዱባ ገደልክ?» ይለኛል።

አባባ ሎሃ ደግሞ አልፎ አልፎ ወደ ማማው ሥር ይመጡና ሽቅብ እያዩ በቆሎው ስንት ሳምንት እንደቀረው ይጠይቁኝ ነበር። ሦስት ስላቸው ጣታቸውን ያጥፋሉ፤ ሁለት ስላቸው ያጥፋሉ። እኔ ለበቆሎው የሚጨነቁ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን ሚስታቸው ከጅረቱ ዳር ድንጋይ እየደረደረች አየኋት። ምን እንደምትሠራ ስጠይቃት፣ በቆሎው ከገባ የሚሠሩትን ቤት መሠረት እየለካች እንደሆነ ነገረችኝ። ካልገባስ አልኳት። ድንጋዮቹን እንዳሉ ለሌላ ሰው እንተዋቸዋለን አለችኝ። እኔ ማማው ላይ እያለሁ እንዴት አይገባም አልኳት። ሳቀች፤ ቦዬ የሚሉትን ሥራሥር ቀቅላ ሰጠችኝ። ጫካ ውስጥ ገብቼ በላሁት፤ መደበቅ እንዳለብኝ ማንም ሳይነግረኝ የሆነ ነገር ገብቶኛል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። ሰሙን አኘክሁት። የቆላ ልጅ ሰም ካገኘ ያኝካል፤ ማሩ ባይኖርም ሽታው አለ፣ ማማ ላይ ብቻውን ለሚውል ልጅ ደግሞ ቀኑ ረጅም ነው። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያልኩ አንድ ቀን ስፈልገው ጨርሼዋለሁ። በዚያው ሳምንት ዝናቡ በረታ። ጅማቱ ላላ፤ ሲነኩት የሚሰጠው ድምፅ ሞተ። አባባ ሎሃ ጋ ሄጄ ሰሙን በላሁት ማለት ለእኔ ለዋና ጠባቂው አይሆንልኝም ነበር።

ስለዚህ አሰብኩ። በእኛ ቤት የደረቀ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ቅቤ ነው። የእናቴ ራስ ሲደርቅ ቅቤ፣ የሕፃን ሆድ ሲታመም ቅቤ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ቅቤ፣ የመጣ እንግዳ የሚከበረው በቅቤ፣ መስቀል የሚሞቀው በቅቤ። ይህን ሁሉ የሚያበጅ ነገር አንድ ጅማት ያቅተዋል? እናቴ ጎረቤት በሄደችበት ሰዓት ከሸክላው ውስጥ ሁለት ጣት የተነጠረ ቅቤ ወሰድኩና ጅማቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸሁት። ሦስት ጊዜ፣ በጣቴ እያሞቅሁ፤ ትእዛዙን አልረሳሁም። አብረቀረቀ። ኮሰረት ኮሰረት ሸተተ። እንዲያውም የሠሪው ዘዴ ላይ የተሻለ ነገር የጨመርኩ መስሎኝ፣ ቀስቱን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ወገግ ሲል ማማው ላይ ነበርኩ። ጉም ነበር። በቆሎው ተንኮሻኮሸ፣ ቀጥሎ ወጡ፦ አንድ ትልቅ፣ አራት ተከታዮች፣ ጅራታቸውን እንደ ዘንግ ቀጥ አድርገው። ትልቁ ከማማው ሥር አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ቆሞ የበቆሎ አገዳ ጣለ። ይህን የመሰለ ዒላማ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው የሚያገኘው። ብረት ጫፉን ፍላጻ ደግኜ እስከ ጆሮዬ ሳብኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ለዚህ እምላለሁ።

ጅማቱ ተበጠሰ። ጫፉ ጉንጬን እንደ ጅራፍ ገረፈው፤ እኔ ወደ ኋላ ወደቅሁ፤ ፍላጻው ከማማው ሥር እንደ ማገዶ ወደቀ። ከርከሮዎቹ በጩኸቴ ደንግጠው የሸሹት ወደ ጫካ ሳይሆን ወደ መሀል ማሳ ነው። የእኛን አቋርጠው ወደ ጎበዜ ማሳ ገቡ። ሰው ተሰብስቦ በጦርና በዱላ እስኪያስወጣቸው ድረስ የኛ ሩብ፣ የጎበዜ ከዚያ የበለጠ ተዘረጠጠ።

ደም ፊቴ ላይ ይወርድ ስለነበር ማንም አልተቆጣኝም። እናቴ አቀፈችኝ። ጎበዜ የተበጠሰውን ጅማት አንስቶ ለሁሉም አሳየ።

«የበሰበሰ ጅማት ነው ለሕፃን የሰጠው። ይሄ ሰው በቆሎአችንን ብቻ አይደለም፣ የልጁንም ዓይን ሊያጠፋ ነበር» አለ።

እኔ የተበጠሰበትን ቦታ ቀድሜ አይቼው ነበር፤ የአይጥ ጥርስ ነበረበት። ሌሊት ቅቤው ጠርቷት ግማሹን በልታዋለች። ሁሉም ጉንጬን ያያሉ፣ እኔ ጅማቱን አያለሁ። ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ከሾላው ሥር ጉባኤ ሆነ። አባባ ሎሃን አስጠሩ፤ እንደ ልማዳቸው ራቅ ብለው ቆሙ። ጅማቱን ሰጧቸው። አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ከእናቶች ጀርባ ነበር የቆምኩት። አለቀልኝ፣ አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ጅማቱ የኔ ነው፤ የፈተልኩት እኔ ነኝ» አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም።

ያልገባቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ አባቴ ተነስቶ ፈረደ። ውላችን በቆሎው በደህና እንዲገባ ነበር፣ አልገባም፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ቦታውን ይልቀቅ አለ። ሲናገር ድምፁ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲያነብ የምሰማው ድምፅ አልነበረም። አባባ ሎሃ እሺ ብለው ዞሩና ወደ ጅረቱ የሚወርደውን መንገድ ጀመሩ። ጀርባቸውን አየሁት። ያን ቀስት ሊሠሩልኝ ስንት ቀን ጎንብሰው እንደዋሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ድንጋዮቹም ትዝ አሉኝ።

በዚያ መንደር ከሾላው ሥር ልጅ ተናግሮ አያውቅም። ሴቶች እንኳ ሲጠየቁ ነበር የሚናገሩት። እኔ ሳልጠየቅ ወደ መሀል ገባሁ።

«አይጥ ናት የበላችው። ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ። ሰሙን አኝኬ ጨርሼው ነው» አልኩ።

ጎበዜ ወዲያው ማን አስጠናህ አለኝ። ቀጥቃጩ ልጁን በቦዬ ገዝቶታል፣ ጫካ ውስጥ ተደብቆ ሲበላ አይቼዋለሁ አለ። ጉባኤው ተንጫጫ። እናቴ ራሷን ያዘች። አባቴ ግን አልጮኸብኝም። ጅማቱን ከመሬት አንስቶ አሸተተው። ለረጅም ጊዜ አሸተተው። ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ፦

«ይሄ ቅቤ የቤቴ ነው። ኮሰረቱን አውቀዋለሁ» አለ።

አንዱ ሽማግሌ እንግዲያውስ ነገሩ ቀላል ነው፣ ልጁ ሮጦ ሂድ ያልነው ቀርቷል፣ ቁጭ በል ብሎ ይንገረው አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። እኔ ለመሮጥ ተዘጋጀሁ። አባቴ ትከሻዬን ያዘኝ። የፈረድኩት እኔ ስለሆንኩ የምሄደውም እኔ ነኝ አለ። አብረን ወረድን፤ ከኋላችን ጎበዜና ግማሹ ጉባኤ ነገሩን ሊያዩ ተከተሉን።

አባባ ሎሃ ጓዛቸውን አስቀድመው አስረው ነበር። ሁለት ትልልቅ ቋጠሮዎች በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ወናፉ ተፈትቷል። ከጎጆው ውስጥ የተቀቀለ ጎደሬ እንፋሎት ይወጣል፤ ለመንገድ የሚበሉት ነው። አባቴ ግቢው መሀል ቆመ። በሕይወቱ ሙሉ የቀጥቃጭ ግቢ ረግጦ አያውቅም ነበር። ጋሽ ሎሃ ብሎ ጠራቸው፤ እንዲያ ሲጠራቸው የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ልጄ ነው ያጠፋው፣ እኔ ሳልመረምር ፈረድኩ፣ ይቅር በለኝ አለ። አውቀህ ነበር፣ ለምን አልተናገርክም ብሎም ጠየቃቸው።

አባባ ሎሃ በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ብናገር ማን ሊሰማኝ? በሰው ሁሉ ፊት ያንተን ልጅ ውሸታም ብዬ?» አሉ።

አባቴ ቦታው ያንተ ነው፣ ቆይ አለ።

«ቃልህን ሰምቻለሁ። አሁን ግባና ብላ። ካልበላህ ግን እኔ እሄዳለሁ።»

ይህን ሲሉ አልተቆጡም፤ ቀስት ምረጥ ሲሉኝ በነበረው ድምፅ ነው የተናገሩት። ከአጥሩ ኋላ የቆሙት አንገታቸውን አሰገጉ። በዚያች ቅጽበት የግንዱና የቅሉ ነገር፣ የእናቴ ጥፊ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ፤ በመንደራችን ከቀጥቃጭ ጋር አንድ ማዕድ የሚቆርስ ሰው አልነበረም። አባቴ ዞሮ ጎበዜን አየው። ጎበዜ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። አባቴ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞት ነበር፤ ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በበሩ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት።

ውስጡ እንደ ማንኛውም ቤት ነበር። ጭስ፣ ቁርበት፣ ምድጃ። ሚስታቸው ጎደሬውን በሸክላ ሳሕን አቀረበች። አባቴ ቁርበቱ ላይ ተቀመጠ። አንድ ጎደሬ አነሳ፣ ቀስ ብሎ ላጠው፣ ቆረሰው። ሁላችንም አፉን እናያለን፤ በበሩ በኩል ደግሞ የጎበዜ ራስ ይታየኛል። አኘከ። ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ አየሁ። ሁለተኛውን ቆረሰ፣ ዋጠ። ሦስተኛውን ሊያነሳ ሲል እጁ ሳሕኑ ላይ ቆመ፤ የሚጎድል ነገር እንደሚፈልግ ዙሪያውን አየ።

«ዳታ የለም እንዴ?» አለ።

ሚስታቸው ባሏን አየቻቸው። ዳታው፣ ጎደሬ የሚጠቀስበት የበርበሬ ድቁስ፣ ከሚጥሚጣውና ከጨው ጋር ታስሮ ቋጠሮው ውስጥ ነበር፤ ከታች፣ ከዕቃው ሁሉ በታች። አባባ ሎሃ በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቷት። ወጥታ ተንበረከከች። ቋጠሮው ለረጅም መንገድ የታሰረ ስለነበር በጣቷም በጥርሷም እምቢ አላት። የፈታሁት እኔ ነኝ።